ያገለገለ የስፖርት መኪና ገዝቶ ሞተሩን በቶሎ ለመቅበር የሚረዳ ምክር

ሰው ገንዘቡንና የእሑድ ዕረፍቱን በአንድነት ለማጣት ቢወስን መንገዱ ብዙ ነው፤ የርስት ክርክር አለ፣ ቁማር አለ፣ የምድር ቤቱ ሳይለሰን ፎቅ መጀመርም አለ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግርማ ያለው፣ ባለቤቱንም እየከሰረ ሳለ በጎረቤቶቹ ዘንድ የሚያስቀናው መንገድ ያገለገለ የስፖርት መኪና መግዛት ነው። ለዚህም ዓላማ ከተሠሩት ሁሉ የተመረጠው ማዝዳ አር ኤክስ 8 የሚባለው ነው። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2012 ሲሠራ ቆይቶ፣ ዛሬ በአሜሪካ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በቨርጂንያና በሜሪላንድም ጭምር፣ አንዳንድ ጊዜ የራሱን ሞተር ለማሳደስ ከሚጠይቀው ወጪ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ ይገኛል፤ ገዢውም ይህን ዋጋ በሰማ ጊዜ ሻጩ ሞኝ ነው ብሎ ከልቡ እንዲያምን እንመክረዋለን።

አንድን ነገር አሳምሮ ለማበላሸት ታሪኩን በከፊል ማወቅ ይጠቅማል። የዚህ መኪና ሞተር ፒስተን የለውም፤ ፌሊክስ ቫንክል የተባለው ጀርመናዊ ባሰበው ሥርዓት መሠረት፣ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ እየዞረ፣ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች በመመላለስ የሚፈጽመውን ሥራ በዙረት ይፈጽመዋል። የመጀመሪያው ናሙና በ1957 በጀርመን አገር ኤንኤስዩ በተባለው ኩባንያ ተነሣ፤ የሂሮሺማው ኩባንያ ማዝዳ በ1961 ፈቃዱን ወሰደ፤ በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለውን መኪና ለገበያ አቀረበ፤ በ1991ም አራት ሮተር ያለው 787ቢ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፎ፣ ከጃፓን መኪናዎች ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሆነ። ገዢው ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ሊይዘውና በቡና ላይ ሊተርከው ይገባዋል፤ በራሱ መኪና ሁለት ሮተሮች ስድስት ጫፎች ላይ የተሰኩት፣ አፔክስ ሲል የሚባሉት ቀጫጭን ማኅተሞች በምን እንደሚለሰልሱና በምን እንደሚያልቁ ግን ከቶ ሊጠይቅ አይገባውም፤ የባለድል ዘር ዘይት አይለካምና።

የሞተሩ መጠን 1.3 ሊትር መባሉም ሌላ መልካም ማሰናከያ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ቪትዝ ሲነዳ የኖረ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ቁጠባ ይታየዋል፤ እንግዲያውስ የነዳጅ ወጪውን በቪትዝ ልክ ይመድብ። እርግጥ ነው፣ እያንዳንዱ ሮተር 654 ሲሲ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በከተማ ውስጥ ሲነዳ በአንድ ጋሎን ቤንዚን ከ16 ማይል እምብዛም አይርቅም፤ ይህንንም የሚያስረዳ ወዳጅ ቢመጣ ምቀኛ ነው ብሎ መዝለል ነው።

ወደ ግዢው ስንመጣ ሰዓት መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። መኪናው ሊታይ የሚገባው ማልዶ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ባደረበት ጊዜ ነው፤ ማኅተሞቹ ያለቁበት ሞተር በብርድ ተነሥቶ በግለት እምቢ ማለት ልማዱ ስለሆነ፣ ሻጩ በማለዳ ሲያስነሣልን አድንቀን፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረን፣ እጃችንን ለስምምነት መዘርጋት አለብን። ግማሽ ሰዓት ነድቶ፣ ሞተሩን በግለቱ አጥፍቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና እንዲነሣ የሚፈትን ሰው ነገረኛ ነው። ከእርሱም የባሰ አለ፤ ይኸውም ለሮተር ሞተር ተብሎ በተሠራ መለኪያ ኮምፕረሽኑ ካልተመረመረ አልገዛም የሚለው ነው። ይህ ምርመራ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ሦስት ቁጥር ያወጣል፤ በደቂቃ 250 ዙር ሲለካም 680 ኪሎፓስካል ፋብሪካው የወሰነው ዝቅተኛ ልክ ነው። ለተራ መኪና የተሠራው መለኪያ ግን ከሦስቱ ፊቶች የደከሙትን ሰውሮ የበረታውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ገዢው ያለ ምርመራ ሕሊናው እምቢ ካለው በዚህኛው ይጽናና።

ሻጩ አዲስና ኃይለኛ ሞተሪኖ አስገብቻለሁ ቢል ምስጋና ይገባዋል፤ በፍጥነት የሚያዞር ሞተሪኖ የደከመን ኮምፕረሽን ለጥቂት ወራት ይሸፍናልና። እንዲሁም ማዝዳ በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2008 ለወጡት ሞዴሎች የሞተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም ወደ 100,000 ማይል ማራዘሙን ሻጩ በኩራት ቢያነሣ፣ ዘመኑ ያለፈበት መሆኑን ሳይቆጥሩ እንደ ሕያው ሰነድ መቀበል ነው። አንድ ኩባንያ ዋስትናን ከበጎ አድራጎት ብቻ ተነሥቶ ያራዝማልን የሚል ክፉ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ መቃወም ነው።

መኪናው ከእጅ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ግዴታ ዘይቱን አለማየት ነው። ይህ ሞተር ዘይት የሚጠጣው ታሞ አይደለም፤ ማኅተሞቹ ደርቀው ግድግዳውን እንዳይፍቁ ከራሱ ዘይት ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዲገባ ሆኖ ተሠርቷል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለቤት ቤንዚን በቀዳ በየሁለተኛው ጊዜ የመለኪያውን ዘንግ ስቦ ያያል፣ የጎደለውንም ይሞላል። የእኛ ደቀ መዝሙር ግን ኮፈን መክፈትን ለመካኒክ ብቻ የተፈቀደ የክህነት ሥራ አድርጎ ይቁጠረው፤ ቪትዙ ከአንዱ ዘይት ለውጥ እስከ ሌላው ምንም ሳይጨመርባት ትደርስ እንደ ነበር አስታውሶም ልቡን ያሳርፍ።

አሁን ከምክሮቻችን ሁሉ ወደ ረቀቀው ደርሰናል። ይህን ሞተር ያለ መሣሪያና ያለ ወጪ በአንድ ማለዳ ጸጥ ማድረግ የሚቻልበት ጥበብ አለ፤ እርሱም አስነሥቶ ወዲያው ማጥፋት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቤንዚን በብዛት ይረጭለታል፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ያልተቃጠለው በውስጡ ይቀራል፣ ካንዴላዎቹን ያርሳል፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፤ ዘይቱ ሲታጠብ ማኅተሞቹ አየር አይዙም፣ አየር ካልተያዘ ኮምፕረሽን አይኖርም፣ ኮምፕረሽን ከሌለም ሞተሪኖው ብቻውን ሲያንጎራጉር ይውላል። በዋሽንግተን ከተማ፣ መንገድ በሚጠረግበት ቀን መኪናቸውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ማዛወር ግድ የሚሆንባቸው ወንድሞቻችን ለዚህ ጥበብ ልዩ ጸጋ አላቸው፤ ባለመኪናው በሌሊት ልብሱና በነጠላ ጫማው ወጥቶ፣ አስነሥቶ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ነድቶ፣ አጥፍቶ፣ ከቅጣት ወረቀት ስለ ዳነ ፈጣሪውን አመስግኖ ተመልሶ ይተኛ። ከሰዓት በኋላ ለሥራ ሲወጣ ሞተሩ አይነሣም። ያን ጊዜ ባትሪው ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ሳያሳርፍ ይቀስቅሰው። መንገደኛ ቆሞ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ረግጠህ ብትቀሰቅሰው የቤንዚኑ መርጨት ይቋረጣል፣ ውስጡም ይደርቃል ቢለው፣ በነዳጅ የሰጠመን ሞተር ነዳጅ በመርገጥ ማዳን እንዴት ይሆናል ብሎ በሙሉ ልብ ይከራከር፤ ክርክሩ በእውነት የሚያሳምን ይመስላልና መንገደኛውም እጁን አጣጥቦ ይሄዳል።

ስለ አነዳድ ብዙ አንልም። በእጅ ማርሽ የሚነዳው ዓይነት በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር እንዲሽከረከር ተፈቅዶለታል፤ ከሞቀ በኋላም አልፎ አልፎ ወደዚያ ከፍታ ካልወጣ ጥላሸት ይከማችበታል። ስሕተትን የሚሻ ሰው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ይበቃዋል፤ ጠዋት በብርዱ ሰፈሩ እስኪነቃ ያስጩኸው፣ ከሞቀ በኋላ ግን ለቁጠባ ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ያዝግምበት።

ሕመሙ ሲጀምር ደግሞ ምርመራ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብንቆይ አንባቢያችን አይቆጣም። ሞተሩ ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ካንዴላ፣ ለእነርሱም አራት ቦቢና አለው። ከቦቢናዎቹ አንዱ ሲደክም መኪናው አይቆምም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በዳሽቦርዱም ላይ የሞተር ምልክት ያለው ብጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ ብልጭታ አቁም ማለት ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ በካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይነዳልና፣ ውስጡን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውም መውጫውን ይዘጋል፣ መውጫ ያጣው እሳትም ወደ ኋላ ተመልሶ ማኅተሞቹን ይበላቸዋል። ስለዚህ በአንድ ቦቢና ዋጋ ይድን የነበረውን ሞተር ወደ መቃብር ለማድረስ መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር መለጠፍ ብቻ በቂ ነው። ፕላስተር የሚያሳፍረው ሰው ኮዱን በመሣሪያ አስነብቦ፣ ሳይጽፈው ያስጠፋውና እንደ ተፈወሰ ይቁጠረው፤ በማግሥቱ ሲበራ ደግሞ በመጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ የቤንዚን ፓምፑን፣ ቀጥሎም በእጁ የደረሰውን ሁሉ በየተራ ይለውጥ፤ ቦቢናውንም የሚለውጥ ከሆነ ስሙ ካልታወቀው አምራች ርካሹን ይምረጥ።

መካኒክን በተመለከተ ምርጫችን የጸና ነው። ሞተሩን ሰምቶ ቫልቩ ማስተካከያ ይፈልጋል፣ ቴስታታው መነሣት አለበት፣ የፒስተን ሪንግም ሳይቀየር አይቀርም የሚል ባለሙያ የተገኘ እንደሆነ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ሞተሩ ቫልቭ የለውም፣ ቴስታታ የለውም፣ ፒስተንም እንደሌለው ከላይ ተናግረናል፤ እንግዲህ በሌለ ዕቃ ላይ የእጅ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የማይመረመር ምሥጢር ባለቤት ነውና፣ ገንዘቡን በቅድሚያ ከፍሎ መኪናውን ለአንድ ወር እርሱ ዘንድ ማስቀመጥ ይገባል። በሮተር ሞተር ላይ ብቻ የሚሠራው፣ ሁለት ሰዓት ርቆ የሚገኘው፣ ስልክ ሲደወልለትም መጀመሪያ የኮምፕረሽኑን ቁጥሮች ንገረኝ የሚለው ሌላው ሰው ግን ትዕቢተኛ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ሰው ዘንድ ሄደው መኪናቸውን ለብዙ ዓመታት በሰላም ይነዳሉ ይባላል፤ የእነርሱን ነገር እዚህ ማንሣት ዓላማችንን ያደናቅፋል።

ስለ ቀረው በአጭሩ። የራዲያተሩ ውኃ ሲጎድል መርፌውን አምኖ መንዳት ነው፤ መርፌው ለረጅም ጊዜ ከመካከል አይነቃነቅም፣ ሲነቃነቅ ግን የሞተሩ ቤት ተጣሞ የውኃው ማኅተም ተበጥሷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እንደሚጠጣና በጊዜ መለወጥ እንዳለበት መርሳት ነው። ጎማው ጥርስ እስካለው ድረስ በጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አኃዞች፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን፣ አለማንበብ ነው።

በመጨረሻ መኪናው በግቢው ጥግ ሲቆም፣ በሮቹና መቀመጫዎቹ ገና ደኅና ስለሆኑ፣ ባለቤቱ አይዘን። አጥቦ ፎቶግራፍ ያንሣውና በማስታወቂያው ላይ "አልፎ አልፎ አልነሣም ይላል፣ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ይጻፍ። ዋጋውን እርሱ ከገዛበት ጥቂት ዝቅ ያድርግ፤ የቪትዝ ባለቤት የነበረ ወጣት እንዲደውል ይጠብቅ። አንባቢ ሆይ፣ የኮምፕረሽን ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ግን ቢመጣብዎ፣ ጊዜዎን ሳያጠፉ በትሕትና ይሸኙት፤ እንዲህ ያለው ሰው የመጣው መኪና ሊገዛ ነው።