ጥብስ ቤት ፍለጋ በጎንደር፦ የመስክ ጥናት

ጎንደር የደረሰ እንግዳ ፋሲል ግንብን ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ግንቡ ትልቅ ነው፤ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ጥሩ ጥብስ ያለበት ቤት ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ይህ ጥናት የተነሣው ከዚሁ የቅርስ ጥበቃ ክፍተት ነው።

የመጀመሪያው ግኝት ቦታን ሳይሆን ቀንን ይመለከታል። ረቡዕ ረፋድ አዘዞ አውሮፕላን ጣቢያ ወርዶ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ ጥብስ የሚያፈላልግ ተመራማሪ የሚቀርብለት በያይነቱ ነው። ዓርብም እንደዚያው። ሁዳዴ ከገባማ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ የመስክ ሥራው ለ55 ቀን ይቋረጥና በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ይቀጥላል። (የሙስሊም ሥጋ ቤቶች የጾም ሰሌዳቸው ሌላ ስለሆነ በዚህ ስሌት አልገቡም።)

ሁለተኛው የመረጃ ምንጭ የባጃጅ ሾፌር ነው። ፒያሳ የቆመ ሾፌር ሲጠየቅ ሳያመነታ አንድ ቤት ይጠራል። የሚጠራው ቤት ሁልጊዜ ከፒያሳ ሩቅ መሆኑ ግን ናሙናውን አጠራጣሪ ያደርገዋል።

ስለዚህ የሚታመነው የተሰቀለው ሥጋ ራሱ ነው። ሥጋ ቤቱና ጥብስ ቤቱ በአንድ ጣራ ሥር ሲሆኑ፣ ተመጋቢው ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ዳቢቱን፣ ሽንጡን አይቶ በጣቱ እየጠቆመ ያስቆርጣል፤ አስመዝኖም ወደ ማድ ቤት ይልካል። ቆራጩ ቢላውን እያፋጨ «ቀይ ይሁን ጮማ ይግባበት?» ካለ ጥናቱ በደህና መንገድ ላይ ነው። ሳይጠይቅ ከቆረጠ፣ አጥንቱ በማን ሒሳብ እንደሚመዘን ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። በፎቶ ያሸበረቀ ሜኑ ከቀረበ ደግሞ ተመራማሪው እንግዳ መሆኑ ታውቆበታል።

ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ሲደረስ መመዘኛው ይለወጣል። እዚያ ዋናው ተቀናቃኝ ብርዱ ነው። የበግ ጮማ ሳህን ላይ ጨዋታ አይጠብቅም፤ አንድ ቀልድ ተነግሮ ሳያልቅ ይረጋል። ከሥሩ ፍም ያለበት ሸክላ ጥብስ አዲስ አበባ ላይ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ የስሜን ደጋ ላይ ግን የምሕንድስና መፍትሔ ነው።

የትኩስነት ጉዳይ የቆየ የምሁራን ጠብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው፣ ቆዳዋን መልሰው፣ እየነዷት ሲሄዱ አየሁ አለ። ብዙ እንግሊዛውያን ሳቁበት። እውነት ከሆነ፣ በትኩስነት ከዚህ በላይ የሚሄድ ቤት እስካሁን አልተከፈተም፤ የዛሬ ተመጋቢ በሬው ጠዋት መታረዱን ከሰማ ይበቃዋል።

ይኸው ሰው የጥሬ ሥጋ መዘዝ መድኃኒት የሆነውን ኮሶንም ገልጾ፣ የሆድ ትል በአበባው እንደሚሻር ጽፏል። ዛፉ እስከዛሬ የስሜን ደጋ ላይ ይበቅላል። ኮሶውን ግን በየከተማው ፋርማሲ የሚሸጠው እንክብል ስለተካው፣ ይህ የጥናቱ ዘርፍ በተመራማሪዎች ሙሉ ስምምነት ተዘግቷል።