የክብነት ሥዕልን ስለማሳመር የወጣ አዋጅ

ሲኤምኤም የተባለው የመለኪያ ማሽን በማይክሮን ስለሚናገር፣ ሪፖርቱን የሚያጸድቀው ኃላፊ ግን በዓይኑ ብቻ ስለሚፈርድ፤

10 ማይክሮን ስሕተት ተፈቅዶለት 6 ብቻ የተገኘበት የኩሽኔታ መቀመጫ «ይህማ ድንች ነው» ተብሎ ከነሪፖርቱ የተመለሰበት ውርደት እንዳይደገም ማድረግ በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የድንች አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ስለ ሙቀት
የመለኪያ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። በሩን ክፍት የተወ ይዝጋ።

አንቀጽ 3። ስለ ማጉያ
1/ የክብነት ሥዕል ስሕተቱን 1000 ጊዜ ሲያጎላ 6 ማይክሮን ወረቀት ላይ 6 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ ሥዕሉ እስኪያምር ድረስ ማጉያው ይቀነሳል።
2/ በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ ተመልካቹ መሐንዲስ ከሆነ ማጉያው ባለበት ይቆያል። ሆኖም፦
ሀ) መሐንዲሱ ኃላፊ ሆኖ ከተሾመ በንዑስ አንቀጽ 1 ይስተናገዳል፤
ለ) ተሿሚው ከሥዕሉ ጎን የተጻፈውን «×1000» አይቶ ምን ማለት እንደሆነ ከጠየቀ፣ ምስጋና ቀርቦለት ማጉያው ይመለስለታል፤
ሐ) እስካሁን የጠየቀ የለም።
3/ ማጉያውን ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ 2 ማይክሮንም 20 ማይክሮንም እኩል ገጹን ስለሚሞሉ፣ ደህናውም ብልሹውም ዕቃ እኩል ይሰደባል።
4/ ማጉያው 10 ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁሉም ክብ ነው። ባለ ሦስት መንጋጋ ማሰሪያ ጨምድዶ ይዞት ቶርኖ ላይ የተቆረጠ ቀለበት፣ ሲፈታ ሦስት ጉብታ ቢያወጣም ክብ ነው። ማይክሮሜትርም ይመሰክርለታል፤ ባለ ሦስት ጉብታ ቅርጽ በሁለት ነጥብ ሲለካ በየአቅጣጫው ወርዱ እኩል ሊመጣ ይችላልና። ጉዱን የሚያወጣው ያ 1000 ጊዜ የጎላው ሥዕል ነበር። የቶርኖው ባለሙያ አንዴ ቢያየው ማሰሪያውን ያላላ ነበር! ለጌጥ የተለጠፈ መሰላችሁ? እሱን ነው አሳምሩልን ያላችሁን?
5/ የንዑስ አንቀጽ 4 መጨረሻ ከሕግ አረቃቀቅ ሥርዓት ውጭ የተጻፈ ነው። አይሰረዝም።
6/ ከሥዕሉ ሥር «22 ማይክሮን» የሚል ቀይ ቁጥር ቢኖርም፣ ሥዕሉ እስካማረ ድረስ ቁጥሩን የማንበብ ግዴታ የለም። ቀለበቱ ይጫን። ተጭኗልም።

አንቀጽ 4። ስለ ነጥብ ብዛት
ስሕተት ማየት የማይወድ ክፍል ክብን በ3 ነጥብ ብቻ ያስለካ። በቀጥታ መስመር ላይ ባልተሰለፉ 3 ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ክብ ስለሚያልፍ፣ ስሕተቱ 0 ይወጣል።

አንቀጽ 5። የተሻሩ ሕጎች
አይኤስኦ 1101 የተባለው የቅርጽ ስሕተት መመዘኛ ይህን አዋጅ እስካልተቃረነ ድረስ ይጸናል።

አንቀጽ 6። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ኃላፊው ከፈረሙበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ፊርማው በክብ ማኅተም ይረጋገጣል። የማኅተሙ ክብነት አይለካም።