የታቀፈ ፍሪጅ

ሳሎናችን ጥግ ላይ አንድ ፍሪጅ ቆሟል። ባለቤቴ "የሞተው" ትለዋለች። እኔ ሥራ ቀየረ እንጂ አልሞተም ባይ ነኝ። ኮምፕረሰሩ ተቃጥሎ ጠጋኙ ራሱን ነቅንቆ የሄደ ዕለት ለቆራሌው ይሰጥ ተባለ፤ እምቢ አልኩ። የፍሪጅ ግድግዳ እኮ ሙቀት አያስገባም፣ አያስወጣም። እንዲህ ያለ ሳጥን ለቆራሌ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ልጅነቱን ያለ መጫወቻ ያሳለፈ መሆን አለበት።

"ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?"

"እያሰብኩበት ነው።"

ይቺን ስትሰማ ደብተሯን አወጣች።

ስለ ደብተሩ ልናገር። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ የምትጽፈው ስታጣ እኔን ትጽፋለች። ደብተሩ አራት ዐምድ አለው፦ የሥራው ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ የወጣ ገንዘብ፣ የሚያልቅበት ቀን። አራተኛው ዐምድ ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነው። ሮቶ ሲሞላ የሚጮኽ ደወል ተጽፎበታል፤ ሲሞላም ሲጎድልም ስለሚጮኽ ጎረቤት ሽማግሌ ልኮ ነው ያስፈታን። በስልክ የሚከፈት የግቢ በር ተጽፎበታል፤ መብራት ሄዶ ቤተሰቡን በሙሉ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ውጭ አስቀምጦናል። ጀበና ሊገነፍል ሲል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም አለ፤ እሱን ያስቆሙት አማቴ ናቸው። "ጀበናውን እሱ ከጠበቀው እኔ ምን ልጠብቅ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በመሥሪያ ቤት እንዲህ አይደለሁም። ሥራዬ የገጠር ውኃ ነው። አርጡማ ፉርሲ ወይም ጅሌ ጥሙጋ ወርደን ምንጭ እናጎለብታለን፣ ቧንቧ እንዘረጋለን፣ ቦኖ እንሠራለን፤ ዱዓ ተደርጎ ይመረቃል፣ ውኃው ይወርዳል። ቢሮ የጀመርኩት ያልቃል፤ ቀነ ገደብ አለው። ቤት የጀመርኩት አያልቅም፤ ደስ ይለኛል።

የከሚሴ ሰው ደግሞ የውኃ ነው፣ የሕንፃ ነው፣ የመብራት ነው ብሎ አይለይም። ኢንጂነር ኢንጂነር ነው። ምጣድ አልግል ሲል ይጠሩኛል፣ ሳልቫቪታ ሲወርድ ይጠሩኛል፣ ባጃጅ ሲያንኳኳ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። አገሩ ከናይል ሳት ወደ ኢትዮ ሳት ሲዞር የሰፈራችን ዲሽ በሙሉ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መለሰ፤ በየጣሪያው ወጥቶ ያዞረው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንድ ሀጂ ከታች ሆነው ወደ ላይ አንጋጠው፣ "ኢንጂነር፣ እዚያው ሳለህ በዚያ ስልክህ ቂብላውን እየው እስቲ" አሉኝ። አየሁ። እውነትም የሚያስገርም ነገር ነው፤ ከሚሴና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ናቸው። ሁለቱም 39 ዲግሪን አልፈው ወደ 40 የተጠጉ፣ ልዩነታቸው የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ። ከኛ ከተማ መካ ማለት ቀጥ ያለ ሰሜን ነው፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀኝም ግራም ሳይሉ።

"ቀጥታ ሰሜን ነው ሀጂ!" ብዬ ጮኽኩ፤ አሜሪካን ያገኘሁ ያህል ተሰምቶኝ።

"እሱንማ እናውቃለን። አያቶቻችንም ወደዚያው ነው የሰገዱት። እኔ ስልክህ ማወቁን ነው የጠየቅኩህ።"

ወደ ፍሪጁ ልመለስ። ሥራ ያገኘው በ2015 ዓ.ም. ነው። ኅዳር ላይ የሌማት ትሩፋት አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ሆኖ፣ ሬዲዮው ሁሉ ስለ እንቁላል፣ ስለ ወተትና ስለ ማር በሚያወራበት ሰሞን ፍሪጁን አየሁት፤ ፍሪጁም አየኝ። እንቁላል ማስፈልፈያ!

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። እንቁላል የሚፈልገው 37 ዲግሪ ተኩል ሙቀት፣ መጠነኛ እርጥበት፣ በቀን ደጋግሞ የሚያገላብጠው፣ ከዚያ 21 ቀን ትዕግሥት። ዶሮ ይህን ሁሉ ያለ ዲግሪ ትሠራዋለች። እኔ ዲግሪውም አለኝ፣ ካቻቢቴውም፣ ፒንሳውም፣ ናስትሮውም።

ያልነበረኝ አምፖል ነው። ሱቅ ሄጄ የሚሞቅ አምፖል ጠየቅኩ።

"የኛ አምፖል አይሞቅም፣ አብሽር!" አለኝ ልጁ ደረቱን ነፍቶ።

"እኔ የምፈልገው የሚሞቀውን ነው።"

ትንሽ አየኝ። "የሚሞቀውንማ ተቀብለውን የማይሞቀውን በነፃ የሰጡን ጊዜ ነው የጠፋው። አሁን ማን ይፈልገዋል ብለህ ነው?" እውነቱን ነው። ያ የድሮ አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ ዘጠና እጁን በላይ ሙቀት አድርጎ ነው የሚበትነው፤ ለሌላው ጉድለቱ የነበረው ለኔ ሙያው ሆነ። ሁለት ባለ 60 ዋት ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ፣ ከዛገ ካውያ ሥር ተገኙ።

እንቁላሉን ያመጣሁት ከሰንበቴ ነው። የሰንበቴ ገበያ እሁድ እሁድ ይቆማል፤ አፋሩ ከበረሃው፣ ኦሮሞውና አማራው ከየአቅጣጫው ይገናኙበታል፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው እየተቀላቀለ ዋጋ ሲከራከሩ መስማት ብቻውን የመኪናውን ሒሳብ ይከፍላል። እንቁላል ሻጯ ፊት ቁጢጥ ብዬ አንድ ባንድ ወደ ፀሐይ እያነሣሁ አየሁ።

"አውራ ያየ ነው?" አልኳት።

"ወንድሜ፣ እኔ ምስክር ሆኜ አላደርኩም።"

አርባ ሁለት ገዛሁ። ጭድ የተጎዘጎዘበት ካርቶን ውስጥ ደርድሬ፣ እስከ ከሚሴ ድረስ ጭኔ ላይ ታቅፌ መጣሁ። አባዱላው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የምነሣው እኔ እንጂ ካርቶኑ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አራስ ልጅ የያዝኩ መስሏቸው "ሙቀቱ እንዳያፍነው ገለጥ አድርግለት" አሉኝ።

ማገላበጫውን ከባጃጅ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ሠራሁት። መደርደሪያውን ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ እንዲያጋድል ነው ያሰብኩት። ሞተሩ ግን የለመደው ሌላ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጨፋ ሜዳ ዝናብ የያዘው ይመስል ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ሁለት እንቁላል በረው የፍሪጁ ግድግዳ ላይ ፈረጡ።

"ጥብሱ ደረሰ?" አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

ፍጥነቱን ቀነስኩት። አርባ እንቁላል ቀረ፤ ሥራ ተጀመረ። በሩ ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ለጠፍኩ። ትልቋ ልጄ የምትማረው በኦሮምኛ ስለሆነ ከቁጥሮቼ ጎን ማስታወሻውን በቁቤ ታሰፍራለች። ከላይም በትልቁ "ሉኩ" ብላ ስም አወጣችለት፤ ዶሮ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን አማቴ አባታቸው በዓጀሚ የጻፉትን አንዲት ብጫቂ ወረቀት ከሣጥናቸው አውጥተው በሩ ላይ አስለጠፉ። አማርኛን በአረብኛ ፊደል መጻፍ ወሎ የቆየ ልማዱ ነው፤ እኔ ግን አላነበውም።

"ምን ይላል እማማ?"

"ከሚነካካ እጅ እንዲጠብቀው ነው" አሉኝ፣ እጄን እያዩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ላይ ስለ ምስር፣ ስለ ግብፅ ማለቴ ነው፣ አወራሁላቸው። ምስሮች እኮ ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ምድጃ ውስጥ ሺህ በሺህ እንቁላል ይፈለፍላሉ፤ ያለ ዶሮ፣ ያለ ቴርሞሜትር። ምድጃ ጠባቂው ሙቀቱን የሚያውቀው እንቁላሉን ዐይኑ ቆብ ላይ አስነክቶ ነው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ሬኦሚር የሚባል ፈረንሳዊ የዚህን ዝና ሰምቶ ለአገሩ ሰው ሊያለማምድ ደፋ ቀና ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍም ጽፎበታል። ይሄ ሬኦሚር እንግዲህ በስሙ የሙቀት መለኪያ የተሰየመለት ሰው ነው። ባለ መለኪያው መለኪያ ከሌላቸው ሊማር!

አማቴ ስለ ፈረንሳዊው ግድ አልሰጣቸውም። "ምስር ነው ያልከኝ?" አሉ። "የኛ ዑለሞች አል-አዝሃር ድረስ ሄደው፣ በጀበርቲ ሪዋቅ ተቀምጠው ያን ሁሉ ዓመት ኪታብ ሲቀሩ፣ የእንቁላሉን ነገር አንዱም ሳያየው ቀርቷል?" ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ፍሪጁ ሄዱ። በሩን ከፈቱ፣ አንድ እንቁላል አነሡ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆባቸው ላይ አስነኩት። ልክ እንደሆነና እንዳልሆነ አልነገሩኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከየሶላቱ በኋላ ጎራ ይሉ ጀመር።

በሰባተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ፤ ለሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነበርና ተጠቀምንበት። እንቁላል የሚመረመረው ጨለማ ውስጥ ነው። ልጆቹን ዙሪያዬ ሰብስቤ የስልኬን ባትሪ ከእንቁላሉ ድፍን ጫፍ ሥር አበራሁ። ቅርፊቱ እንደ ፋኖስ ቀላ። ከመሀሉ ቀጫጭን ቀይ ክሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል፤ መገናኛቸው ላይ ከጤፍ ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ትንቀሳቀሳለች። ማንም አልተነፈሰም። ትንሹ ልጄ አፍንጫውን ቅርፊቱ ላይ ሊያስነካ ደርሶ፣ በሹክሹክታ "አባዬ፣ እሱም እያየኝ ነው?" አለኝ። ባለቤቴም ደብተሯን ይዛ መጥታ ነበር፤ ምንም ሳትጽፍ ቆማ ቆየች። ከአርባው አሥራ አንዱ ባዶ ብርሃን ሆኖ ተገኘ፤ አውራ አላየም። ሻጯ እውነቷን ነው፣ ምስክር አልነበራትም።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሊቆም ነበር። መግሪብ ላይ መብራት ሄደ፤ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ አልመጣም። እኔ ወረቀት አውጥቼ ሙቀቱ በየስንት ደቂቃ ስንት እንደሚወርድ ማስላት ያዝኩ። ለስሌቱ ደግሞ ንባብ ያስፈልጋል፤ በየአምስት ደቂቃው በሩን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ እመዘግባለሁ። 36 ከ8። 36 ከ1። 35 ከ2። በጣም የሚያምር ኩርባ እየወጣልኝ ነበር።

"አንተ ልጅ!" አሉ አማቴ። "ዶሮ እንቁላሏን ለመለካት ስትነሣ አይተህ ታውቃለህ?"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሙቀቱን እያወጣሁት የነበርኩት ለካ እኔው ነኝ።

ከዚያ በኋላ አዛዥ እሳቸው ሆኑ። ባለቤቴ ከሰል አቀጣጠለች፤ ውኃ ፈላ፤ የሃይላንድ ጠርሙሶች በሙቅ ውኃ ተሞልተው በጨርቅ ተጠቅልለው ከመደርደሪያው ሥር ተደረደሩ። ፍሪጁ ጋቢ ለበሰ። የኔ ድርሻ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ ተቀብሎ ወደ ጓዳ መሮጥ ነበር። በየሰዓቱ አማቴ በሩን በስሱ ከፈት ያደርጉና አንዲት እንቁላል ዐይናቸው ላይ አስነክተው "ጠርሙስ" ወይም "ይብቃ" ይላሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ "ይብቃ" ሲሉ ሰርቄ ቴርሞሜትሩን አየሁት፦ 37 ከ4። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ እዚህ ስጽፈው ነው የመጀመሪያዬ። መብራት የመጣው ሱብሂ ሲደርስ ነው። ሁላችንም ፍሪጁ ሥር እንቅልፍ ጥሎን፣ የነቃነው የባጃጁ ሞተር ማጋደል ሲጀምር ነው።

በሃያ አንደኛው ቀን ቅርፊት ሲሰነጠቅ ተሰማ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሥራ ሰባት ጫጩት ነበረን፤ እርጥብ፣ ድካም የጣላቸው፣ ቆይተው ግን እንደ ጥጥ የተነፈሹ።

ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ሊቅ ነበር፤ የዝይ ጫጩቶች ዐይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት እሱን ስለሆነ እናታችን ብለው በየሄደበት ይከተሉት ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። እኔም አንድ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተመላለስኩ፣ ቁጢጥ አልኩ፣ እንደ እናት ዶሮ ጠራሁ። አንዱም አልዞረም። ሙቀቱን የሚያዳርሰው የፍሪጁ ነፋስ መግፊያ "ሁምምም" ማለት ሲጀምር ግን አሥራ ሰባቱም ተጋፍተው በሩ ሥር ገቡ።

ባለቤቴ አንድ ሳምንት ታገሠች። እንግዳ ስለሚመጣ ፍሪጁ ከሳሎን ይውጣ አለች። ትክክል ናት። ከጎረቤት ሁለት ጎረምሶች ጠርተን ግቢ አወጣነው። ጫጩቶቹ ሳሎን ቀሩ፤ ጩኸታቸው ግን ዋናው አስፋልት ላይ የሚያልፍ ሲኖ ትራክ የሚያስቆም ነበር። ሶፋ ሥር ገቡ፣ ባዶውን ጥግ እየዞሩ ፈለጉ፣ እህል አንነካም አሉ። እሷ እንዳልሰማች ሆና ቆይታ፣ ቆይታ፣ በመጨረሻ ብድግ ብላ ጎረምሶቹን ራሷ ጠራቻቸው። ፍሪጁ ተመለሰ። ገመዱን ራሷ ሰካችው።

ማታ ደብተሯን ከፍታ ስትጽፍ ከትከሻዋ በላይ አጮለቅኩ። የሥራው ስም፦ ሉኩ። የወጣ ገንዘብ የሚለውን በእጇ ሸፍናዋለች። አራተኛው ዐምድ ላይ፣ ያ ብዕር ነክቶት በማያውቀው ላይ፣ አንድ ቃል ጽፋለች፦ "ሲያድጉ"።