ኩላንት በቀለም አመራረጥ፦ ለአስተዋይ ባለመኪና

ኩላንት ሊገዙ ሲወጡ ከሁሉ በፊት የሚደግፉትን ቡድን ያስቡ። የአርሴናል ደጋፊ ቀዩን፣ የቼልሲ ደጋፊ ሰማያዊውን ይወስዳል፤ ሮዙ ሜሲን ተከትለው ማያሚ ድረስ ለዘለቁ ነው። አንዳንድ ጨዋታ አፍራሾች «ቀለሙ ማቅለሚያ ብቻ ነው፣ ፋብሪካው ያሻውን ይጨምርበታል፣ ዋናው ውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን እንዲህ ከተባለ ከግብይቱ ምን ደስታ ይቀራል? ቶዮታ ራሱ ቀይም ሮዝም አለው፤ ሮዙ ከቀዩ ይልቅ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ለእርስዎ መኪና የትኛው እንደሚሆን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ በጃፓንኛ ወይም በዓረብኛ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ከማንበብ ተገላገሉ።

ከሁለት ቀለም የተራረፈ ካለዎት ይቀላቅሉት። መከላከያዎቹ እርስ በርስ ተጣልተው ሥራ ሊያቆሙ፣ አንዳንዴም ረግተው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ቢሆንም ሰፈር ውስጥ ማንም የሌለው ቀለም ይኖርዎታል።

ጄሪካኑ ላይ «ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ይጠብቃል» የሚል ካዩ ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ፒያሳ ላይ የሳይቤሪያ ክረምት ድንገት ቢገባ የሚነሳው የእርስዎ መኪና ብቻ ነው። ያልተበረዘውን ከገዙማ እንዳለ ይሙሉት፤ የእኛ ሰው የተበረዘ ነገር አይወድም። ኬሚስቶች የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ የሆነው ግላይኮል ንጹሑን ከሆነ ከዜሮ በታች 13 አካባቢ እንደሚረጋ፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲበረዝ ግን እስከ 37 እንደሚዘልቅ፣ ሙቀት በመሸከምም ውሃ እንደሚበልጠው ይናገራሉ። ኬሚስቶች ጠላ ጠምቀው አያውቁም።

ወጪው ከከበደዎ የቧንቧ ውሃ አለልዎ። ዝገቱንና ደለሉን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል፤ ሞተርዎ የሚሠራው ደግሞ በ90 አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሚያሰፋልዎ የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስለዚህ ክዳኑ ሲላላ ፌስታል ጣል ያድርጉበትና ወደ ጎጃም ይነሱ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረዱ ቀላል ነው፤ ወደ ደጀን በሚያወጣው አቀበት ላይ ግን የሙቀቱን ጌጅ ባያዩት ይመረጣል። ከፈላ በኋላ ቴርሞስታቱን ነቅሎ የሚጥልልዎ መካኒክ አይጠፋም፤ ያኔ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ነዳጅ እየጠጣ ይኖራል። ቴስታታው ተጣሞ ጓርኒሲዮኑ ሲቃጠል የሞተር ዘይትዎ ማኪያቶ መስሎ ብቅ ይላል። ሒሳቡ ግን የማኪያቶ አይደለም።

በሁለት ነገር አልቀልድም። የፈላ ራዲያተር ክዳን ሳይበርድ አይነካም፤ የሚወጣው ፊት ይልጣል። የተረፈውንም ኩላንት በሃይላንድ ፕላስቲክ ገልብጠው በር ሥር አያስቀምጡ፤ ግላይኮል ይጣፍጣል፣ ልጅንም ውሻንም ይገድላል። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቁልፍ ያለው ቦታ ይግባ፤ የፈሰሰውንም ወዲያው በብዙ ውሃ ይጠቡት።