አሮጌ ላፕቶፕ እንዴት ይፈጥናል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች የተሰናዳ ምክር

ቡና ሲታጠብ የከፈቱት ላፕቶፕ አቦል ሲቀዳ ገና ክብ እያሽከረከረ ነው? ቶና ላይ የይለፍ ቃል ጠይቆ በረካ ላይ ዴስክቶፑን ያሳይዎታል? እንግዲያው ይህ ምክር ለእርስዎ ነው። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ በባለሱቁም በደንበኛውም ሲሞከሩ የኖሩ ዘዴዎች እዚህ ተሰብስበዋል። እስካሁን አንዳቸውም ላፕቶፕ ለዘለቄታው አላፈጠኑም፤ ይህ ግን ማንንም ከመሞከር አግዶ አያውቅም።

«አዲስ ይግዙ» የሚል መካሪ ከመጣ በጨዋ ደንብ ያሰናብቱት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ኮምፒውተሩን በተዘረፈበት አገር፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈ ላፕቶፕ ይከበራል እንጂ አይጣልም። እኛም ከአክብሮት የተነሳ ምን እንዳመመው አንጠይቀውም።

ዋናው ሕግ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ምክንያቱን አይፈልጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ከተጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ሥራ እንደበዛባቸው በመቶኛ ያሳያል፤ በነፃ፣ ያለ ባለሙያ። ይህን መስኮት አይክፈቱት። ዲስኩ 100 ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 7 ላይ ሲያንቀላፋ ካዩ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ያውቁና የቀረው ምክራችን ከንቱ ይሆናል።

በምትኩ ሪፍሬሽ ያድርጉ። ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሪፍሬሽ። አልፈጠነም? ይድገሙት። የሪፍሬሽ ሥራ የዴስክቶፑን አይኮኖች እንደገና መሳል ብቻ ነው፤ ራም አያስለቅቅም፣ ፕሮሰሰር አያሳርፍም። ሆኖም አይኮኖቹ ብልጭ ሲሉ አንጀት ይርሳል። በመሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ፊት ሲደረግ ደግሞ ሥራ የተጀመረ ያስመስላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥለው ሁለት አንቲቫይረስ ይጫኑ፤ ከተቻለ ሦስት። አንዱ የከፈተውን ፋይል ሌላው ተከትሎ ይፈትሻል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ፈታሹን ይጠረጥራል፤ እርስዎ ደብዳቤዎን ለመክፈት ተራ ይጠብቃሉ። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል የሚሉ ቀላል ሰዎች አሉ። ማጽጃ ፕሮግራምም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር የተባለው ስመ ጥር ማጽጃ ራሱ ሰርጎ ገቦች ተንኮል ሸጉጠውበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ላይ ገብቶ ነበር፤ ጽዳት እንዲህ በሰፊው ሲዳረስ ያስደስታል።

ሙቀት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ ጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 650 ሜትር ግድም ቁልቁል ወርዳ ትጠብቅዎታለች። የደሴ ሰው ከሆኑ «የእኛ አገር ብርድ ነው፣ ላፕቶፕ ምን ሊሞቀው» ይበሉና ማታ አልጋ ላይ ጋቢ ደርበው፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ ያስቀምጡት። ከሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች አየር የሚሳብባቸው ናቸው፤ ጋቢው ድፍን ያደርጋቸዋል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ላለመቃጠል ሲል ፍጥነቱን በገዛ እጁ ይቀንሳል። እርስዎ «አረጀ» ይላሉ፤ እሱ ታፍኗል። የከፍታውን ነገርም ለማንም አይንገሩ፤ በደሴ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ዙር ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደሴን ላፕቶፕ ብርዱ የሚጠቅመው መተንፈሻው ክፍት ከሆነ ነው።

የኮምቦልቻው ሰው ሥራው ቀላል ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።

ለሁለቱም ከተሞች የሚሆነው ደግሞ ከሰሉን፣ ዕጣን ማጨሻውንና ላፕቶፑን አንድ ረከቦት ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ጥገና ቤት የሥሩ ክዳን ሲፈታ አጠገቡ ቆመው ይመልከቱ። ከማራገቢያው አፍ እስከ መዳቡ ቱቦ ጫፍ፣ ሙቀት በሚወጣበት ስስ ፍርግርግ ላይ፣ አመድና የጋቢ ብናኝ ተጠቅጥቆ ግራጫ ምንጣፍ ሠርቷል፤ ባለሙያው በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ይዞ ሳይበጠስ በአንድ ቁራጭ ያነሳዋል። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል ያለው ፔስትም ደርቆ ይፈረፈራል። በዚህ ጊዜ «እሱን ተወው፣ ፎርማት ብቻ አድርግልኝ» ይበሉት። ፔስቱ ይቀየር ብሎ ድርቅ ካለ የጥርስ ሳሙና ያቀብሉት፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ እሱም ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ጥርስ ግን ያጸዳል።

ፎርማትን ካነሳን አይቀር፣ የወሎ ላፕቶፕ ሁሉ መድኃኒት እሱ ነው። ንግግሩ እንዲህ መሄድ አለበት፦

«ጋሼ፣ ምን ሆነብዎት?»

«ፎርማት።»

«እሱማ ይደረጋል፤ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ፎርማት ነዋ የኔ ልጅ!»

ልጁ ሃርድ ዲስኩ አሮጌው ዓይነት እንደሆነ ሊነግርዎ ይሞክራል። ውስጡ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ ከሳህኑ በላይ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ በየቦታው የተበተኑ እልፍ ትናንሽ ፋይሎችን ይጠራል፤ ማንበቢያው ግን በሰከንድ ከመቶ ብዙም ያልበለጠ ቦታ ነው የሚደርሰው። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚዞር ነገር የሌለው ዲስክ ያንኑ በአስር ሺዎች ያደርገዋል። አሥር ዓመት የሞላውን ላፕቶፕ ከመቃብር የሚያስነሳ አንድ ወጪ ቢኖር እሱ ነው፤ ለዚህም ነው እዚህ ምክር ውስጥ ቦታ የሌለው። ፎርማት አስደርገው ይመለሱ። ሳምንት ያህል ይፈጥንልዎታል፣ ከዚያ ያው የድሮው ሳህን ነው። በነፃ የቀረበ ተጨማሪ፦ በችኮላ ከተደረገ የልጅዎ የሠርግ ፎቶም አብሮ ይሄዳል።

ሳህኑን ይበልጥ ለማድከም ከፈለጉ ላፕቶፑን ሳያጠፉ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ይውረዱ። የሐረጎን መታጠፊያዎች ሾፌሩ ያውቅበታል። ከጭነት መኪና ጋር ጎን ለጎን ሲገዳደር የሚመጣው ንጠት ማንበቢያውን ከሳህኑ ጋር ያገናኘዋል፤ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ያለው ሙቀትም አብሮ ይሠራል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ «ቅድም እኮ ደህና ነበር» ይላሉ፤ እውነትዎን ነው።

ራም ሲገዙ ዓይነቱን ሳይጠይቁ ይግዙ። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 መሰኪያቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጉልበት ይጨምሩበት።

ፍላሽዎን ደግሞ ለብቻው አያኑሩት። ፊልም የሚጫንበት ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ እንደገና ወደ ቤት ያዙሩት። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲያገኟቸው ሾርትከት ቫይረስ ደርሶልዎታል ማለት ነው፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀዋል፤ ሾርትከቱን በከፈቱ ቁጥር ግን ቫይረሱ አብሮ ይነሳል። ስለዚህ ደጋግመው ይክፈቱት። ቴሌግራምም ሁሉንም ቪዲዮ በራሱ እንዲያወርድ ይተዉት፤ ሲ ድራይቭ ቀይ እስኪሆን የቡድኑ መልካም ምኞት አይቋረጥ።

ቻርጀር ላይ አይከራከሩ፣ የገጠመው ሁሉ ይሆናል። ዴል ላፕቶፕ የተሰካበትን ቻርጀር ካላወቀው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ እንደሚያዘገይ ብዙ ባለቤት አያውቅም። ሲነሳ በእንግሊዝኛ ይጽፍልዎታል፤ ሳያነቡ ኢንተር ይበሉት። ስንት ሰው በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት ፎርማት እንዳስደረገ ቤት ይቁጠረው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ያለ ስታቢላይዘር፣ ፍሪጅና ምጣድ በተሰኩበት ዲቫይደር ላይ ያቆዩት።

በመጨረሻ ዊንዶውስ 11 ይጫኑ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አዲሱ ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእርስዎ 3ኛ ትውልድ ነው? ክልከላውን በክራክ ዝለሉት የሚል ልጅ አይጠፋም። ለአሮጌ ማሽን የሚቀል ሊኑክስ በነፃ እንዳለ የሚያወራውን ግን አይስሙ፤ በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ጊዜም ያጠራጥራል፣ ክራክ ሲሆን ብቻ ነው የሚታመነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልፈጠነ «ስላይትሊ ዩዝድ» ብለው ለሽያጭ ያቅርቡት፤ ገዢው ሲመጣ ተነስቶ ይጠብቀው እንጂ ፊቱ አያስነሱት። የሚገዛ ከጠፋ ለእህትዎ ልጅ «ለትምህርትሽ ይሁንሽ» ብለው ይመርቁላት። እሷ ክዳኑን ፈትታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ፔስቱን ቀይራ፣ ኤስኤስዲ አስገብታ በ20 ሰከንድ ከተነሳላት «ድሮም እኮ ጥሩ ዕቃ ነበር» ይበሉና እንድትመልስልዎ ሽማግሌ ይላኩ።