ስማችንን ተዉልን

እኛ ዮሐንሶች ስማችን መቼ ነው የሚያርፈው? ዲፕሎማው ላይ በአንድ «ኤን» ተጽፏል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት። ባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ መጨረሻው በ«አይ» ሆኖ ይገኛል። «ን» ጠብቃ እንደምትነበብ ፊደላችን ስለማያሳይ፣ የሚጽፈው ሁሉ እንደመሰለው ይጽፋታል። ከዚያ ጣጣው ለባለስሙ ነው፤ «የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ» ይባላል። ስንቱ ነው በዚህች በአንዲት ፊደል ጉዳዩ ታግዶ በየቢሮው የሚንከራተተው!

የወረቀቱስ ይሁን። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ «ዮሐንስ ማለት እኮ ጆን ነው» የሚለው ነው። ውጭ አገር የቆየ የገዛ ዘመድ ሳይቀር «ጆን በላቸው፣ ይቀልላቸዋል» ይላል። ለማን ነው የሚቀልለው? ሁዋንን ማን ጆን ይለዋል? ጆቫኒንስ? ኢቫንስ?

ዮሐንስ ከጆን አልመጣም። የሁሉም ምንጭ ዕብራይስጡ ዮሐናን ነው፤ እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ትንቢተ ኤርምያስ ላይ የቃሬያ ልጅ ዮሐናን ተብሎ ቁጭ ብሏል። ግሪኮች ሲወስዱት መጨረሻው ላይ «ስ» ጨመሩ፤ «ሐ»ን ግን ፊደላቸው አልያዘላቸውም። አባቶቻችን የግሪኩን «ስ» ተቀብለው የዕብራይስጡን «ሐ»ም ሳይጥሉ በግእዝ አቆዩት። ዓረቦችም ጠብቀዋታል፤ ክርስቲያኑ ዩሐና፣ ሙስሊሙ ያሕያ ይላል። ጆን ሲባል ግን ያቺ «ሐ» ከነጭራሹ አትሰማም። ታዲያ ከምንጩ የቀረበውን ስም ትተን የራቀውን የምንይዘው ምን ቸግሮን ነው?

ነገሩ የዛሬም አይደለም። ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ሲደፉ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። የዘመኑ እንግሊዞች ግን «ኪንግ ጆን» እያሉ ጻፏቸው። ንጉሠ ነገሥት እንኳ መርጠው በነገሡበት ስም አልተጠሩም!

መስከረም 1ን ቅዱስ ዮሐንስ ብለን የምናከብር ሰዎች ነን፤ ስሙ ባዳችን አይደለም። እናንተ መዝጋቢዎች፣ እባካችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ባለስሙን ጠይቁት፤ ፓስፖርት ካለው እሱን አይታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። እናንተም ዘመዶቻችን፣ ዮሐንስ በሉን።