ጋሼ፣ ተከራይ አለብዎት

መኪናዬ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከኋላ 30 ሊትር ወተት ተጭኗል፤ ባለቤቴ በሩን ይዛ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሰዎቹ ከሌላ ይገዛሉ» ትለኛለች። ቁልፉን አዞርኩ። አንዴ «ጠቅ» አለች። ደግሜ ሳዞር እሷኑ «ጠቅ» ከለከለችኝ። የሱሉልታን ብርድ የምታውቁ ትፈርዱልኛላችሁ፤ በዚያ ሰዓት እንኳን ብረት ሰውም በልመና ነው የሚነሣው። በብርዱ አመካኝቼ የሰፈር ልጆች ጠራሁና ገፋናት። ቁልቁለቱ አለቀ፣ እሷ ግን አልተነሣችም።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ጣል አደረገና «ሞተሪኖ ነው» አለ። ተፈታ፣ ታሠረ፣ ተከፈለ። ሁለት ቀን ሠራች። ሁለተኛው መካኒክ የመጀመሪያውን ሙያ በአምስት ደቂቃ ሲያብጠለጥል ቆይቶ «ባትሪህ ነው የሞተው» ብሎ ፈረደ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አራት ቀን ሠራች። ሦስተኛው ጋራዥ በገመድ ተጎትታ ገባች። እዚያ ሁለት ትልልቅ መካኒኮች በላይዋ ቆመው ሲከራከሩ፣ ሥራው ቁልፍ ማቀበል የሆነ አንድ ልጅ ማንም ሳያዘው የፊልትሮውን ክዳን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ተከራይ አለብዎት።»

ሄጄ አየሁ። የአየር ፊልትሮው ቤት መኝታ ቤት ሆኗል። ከሥር ፉርሽካ ተነጥፏል፤ ንጹሕ፣ ያልረጠበ፣ እኔ ለላሞቼ በኩንታል የምገዛው። ጥግ ላይ የኑግ ፋጉሎ ፍርፋሪ ተከምሯል፤ ጓዳ መሆኑ ነው። መሐል ላይ ከኮፈኑ ውስጠኛ ልባስ የተዘነጠለ ስፖንጅ፣ ከባለቤቴ ነጠላ የተቆረጠ ጥለት፣ እንዲሁም ባለፈው ክረምት ልጄን «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ብዬ የተቆጣሁበት ግራጫ ካልሲ እንደ ፍራሽ ተደላድለዋል። ባለቤቱ አልነበረም፤ ሥራ ሄዷል። በመኝታው አጠገብ የሚያልፉት ሽቦዎች ልብሳቸው ተገፎ መዳባቸው ብቻ ቀርቷል። አገፋፈፉ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ እኔ ሸንኮራ ስልጥ እንኳ እንደዚያ አልጠነቀቅም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ቤት አይጥ በበላ ባትሪ ተለወጠ፣ ሞተሪኖ ተፈታ፣ አንድ ልጅም በካልሲ ተቀጣ። ልጄን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የባትሪው ግን ቀርቷል።

ቆይቼ ሳነብ እንደተረዳሁት አይጡ በእኔ ላይ ምንም ቂም የለውም። የፊት ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ማደግ አያቆምም፤ ካልተሞረደ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ለስላሳ ብረት ሳይቀር። ለእኔ መኪና ናት፣ ለእሱ ሞረድ ናት። በዚያ ላይ ማታ ከከተማ ስመለስ ሞተሩ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ በሱሉልታ ብርድ የጋለ አልጋ ማን ይጠላል? አሜሪካ ውስጥ ግን አንዳንድ ባለመኪኖች ነገሩን አጥብቀው ይዘውታል። የአዳዲስ መኪኖች የሽቦ ልብስ ከአኩሪ አተር ስለሚሠራ ነው አይጥ የሚወደው ብለው የመኪና ፋብሪካዎችን ፍርድ ቤት አቁመዋል። የእኔዋ ከዚያ ፋሽን በፊት የተሠራች ናት፤ ሽቦዋ ተራ ፕላስቲክ ነው። የእኔ አይጥ ጾምና ፍስክ አይለይም።

የፊልትሮው ፉርሽካ ዱካ ሆነኝ። መኪናዋን የማቆምባት ቦታና የመኖ መጋዘኔ የሚራራቁት ሦስት እርምጃ ነው። መጋዘን ስል ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት የጭቃ ክፍል ማለቴ ነው፤ ማዳበሪያዎቹን ከመሬት ላይ፣ ግድግዳውን አስደግፌ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ከምሬ ኖሬአለሁ። የፊቶቹ ደህና ይመስላሉ። ከኋላ የነበሩትን ስስብ ግን አንዱ ማዳበሪያ እጄ ላይ ባዶውን ቀረ። በታች በኩል ቡጢ የምታህል ቀዳዳ አለችው፤ ፉርሽካው ፈስሶ፣ ከኩሱ ጋር ተቀላቅሎ፣ በሽንቱ ረጥቦ አንድ ላይ ጋግሯል። ለካ ሻሾ የምትባለው ላሜ ሰሞኑን ገበታዋን እያሸተተች ፊቷን የምታዞረው ለዚህ ኖሯል! እኔ ደግሞ «ጠግባ ነው፣ ቀብጣ ነው» እያልኩ አማኋት።

ያን ምሽት እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ትልቅ አይጥ፣ አይጠ መጎጥ የምንለው፣ በቀን 25 ግራም ያህል ይበላል። ሃያ አሉ እንበል። በቀን ግማሽ ኪሎ፣ በወር 15 ኪሎ፣ በዓመት ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሚያበላሹት ደግሞ ከሚበሉት ይበልጣል። እርግዝናቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነ «ሃያ» የምትለዋ ቁጥርም የዚያች ማታ ብቻ ናት። ለሰው ሁሉ «ሁለት ላሞች አሉኝ» እያልኩ እፎክር ነበር። የከብት ቆጠራ ቢመጣ እውነቱ ሌላ ነበር፤ ዋናው እርባታዬ አይጥ ነው፣ ላሞቹ በተጓዳኝ ናቸው።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ ምክር እንደ ጎርፍ መጣ። አይጥ የሌለበት ሰው የለም ማለት ነው፤ ግን ሁሉም «እኔ ቤት እንኳ የለም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ጎረቤታችን እማማ ድመታቸውን አዋሱን። ስሙ ኮማንደር ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ አረማመዱ ሰልፍ የለመደ። በመጀመሪያው ቀን ወተት ጠጣ። በሁለተኛውም ወተት ጠጣ። በሁለት ሳምንት አንድ አይጥ ያዘ፣ እሱንም ከሌላ ሰው ጓሮ። ተቆጥቼ ልመልሰው ስል ነው የኒውዮርኩን ያነበብኩት። ተመራማሪዎች ብሩክሊን ውስጥ አንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያ ላይ ካሜራ ተክለው ድመትና አይጥን ለ79 ቀናት ተከታትለዋል። ድመቶቹ የገደሉት አይጥ 2 ነው። ሁለት! ትንሿን የቤት አይጥ ድመት ያድናል፣ አይጠ መጎጡን ግን እንደ ሰፈር ጉልቤ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ኮማንደር ከዓለም አቀፉ አማካይ በታች አለመሆኑን ሳውቅ መመለሱን ተውኩት።

ወጥመድም ሞክሬአለሁ። አይጥ አዲስ ነገር ይጠራጠራል፤ ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ ካየ ለቀናት በሩቁ ይዞረዋል። ወጥመዱን ሳያጠምዱ ምግብ ብቻ አድርጎ ለተወሰኑ ቀናት ማላመድ፣ ከዚያ ማጥመድ ነው ዘዴው። እኔ ግን በመጀመሪያው ማታ አጠመድኩት። የያዘው አውራ ጣቴን ነው።

ባህር ዛፉ ላይ አልፎ አልፎ ማታ የምትመጣ ጉጉትም ነበረች። ስትጮኽ ባለቤቴ «ምን ልታመጣብን ነው» እያለች ድንጋይ ትወረውርባታለች፣ እኔም ጠጠሩን አቀብላለሁ። የጉጉት ዋና ቀለቧ አይጥ መሆኑን ያወቅነው ካባረርናት በኋላ ነው። ሞት እየጠራች ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን የኛን አልነበረም።

ከዚያ መርዝ ገዛሁ። ባለቤቴ «ከላም መኖ አጠገብ? ልጅ ባለበት? ኮማንደር የተመረዘውን ቢበላውስ?» ብላ ከደጅ መለሰችኝ። ካርቶኑን ይዤ ስሙን ሳጣራ የዋርፋሪን ታናሽ ወንድም ሆኖ አገኘሁት። ዋርፋሪን ደግሞ ከልባቸው ቀዶ ጥገና ወዲህ አክስቴ ማታ ማታ የሚውጡት ክኒን ነው! ታሪኩን ሳነብ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከብቶች ትንሽ በተቆረጡ ቁጥር ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። ምክንያቱ የሻገተ መኖ ሆነ፤ ስዊት ክሎቨር የሚባል፣ የእኛን ማገጥ የሚመስል ተክል ድርቆሽ። በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ ድርቆሹንና በወተት ማሰሮ ውስጥ ያልረጋ ደም ጭኖ፣ በበረዶ ነድቶ የኬሚስቱ ካርል ሊንክ ላቦራቶሪ ደረሰ። ከዚያ ምርምር የወጣው ነገር በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ገባ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሰው መድኃኒት ሆነ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ተሰጥቷቸዋል። ላም በበላችው የተጀመረ ነገር አይጥን ዞሮ ቤተ መንግሥት ገባ።

እኔ ሞኝ፣ ይህን እሁድ ቡና ላይ ለአክስቴ አጫወትኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«የአይጥ መርዝ ነው የምውጠው?»

«አይ፣ እንግዲህ በመጠኑ ሲሆን…»

«ስማ። እኔን ሐኪሜ ደሜን እየለካ ነው የሚሰጠኝ። አንተ አይጥህን ትለካለህ?»

መርዙን በማግስቱ መለስኩ።

የመጨረሻው ጥበብ ሚጥሚጣ ነው። ይሄ እንኳ ከራሴ አይደለም፤ ሆንዳ የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር አለው፣ የቃሪያ ማቃጠያ ንጥረ ነገር የተቀባ፣ አይጥ አንዴ ቀምሶ እንዲተው። ይህን ሳነብ ኩራት ተሰማኝ። ጃፓን በርበሬ ከቻለች እኛማ! ፕላስተር ምን ያደርግልኛል ብዬ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሚጥሚጣ በቫዝሊን ለውሼ የሞተሩን ሽቦዎች ሁሉ ቀባሁ። እጄን ታጠብኩ። ያልታጠብኩት ዓይኔን ያሸሁበትን ጣት ብቻ ነው።

በማግስቱ ወተቱን ጭነን ተነሣን። ሞተሩ እየሞቀ ሲመጣ ባለቤቴ አየሩን አሸተተችና «የማን ቤት ነው በጠዋቱ የሚቁላላው?» አለች። የእንጦጦን ዳገት ስንጋፈጥ ማስነጠስ ጀመርን። ቫዝሊኑ ቀለጠ፣ ሚጥሚጣው ከብረቱ ጋር ተጠበሰ፣ ጭሱ በአየር ማስገቢያው በኩል ፊታችን ላይ መጣ። መስኮት ከፍተን፣ አንገታችንን አውጥተን፣ እያለቀስን ወጣን። ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመን። ዓይኔ ቀልቷል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ አንደበቴ አይታዘዝም።

«በጠዋቱ ጠጥተሃል?»

«አይ ጌታዬ፣ ሚጥሚጣ ነው።»

«የት?»

«ሞተሩ ላይ።»

ጠጋ ብሎ ኮፈኑን አሸተተ። አስነጠሰ። እንደገና አስነጠሰ። መንጃ ፈቃዴን ሳያየው መለሰልኝና በእጁ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። እስከዛሬ ከቅጣት ያመለጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አይጡስ? ለአንድ ሳምንት ጠፋ። የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ሚጥሚጣው ሲታጠብ ተመለሰ።

መፍትሔው የመጣው ከባለቤቴ ነው፤ ያውም ያለ አንዳች ምርምር። አንድ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ወርዳ የምግብ ዘይት የነበረባቸው ክዳን ያላቸው በርሜሎች አስጭና መጣች። ፉርሽካውም ፋጉሎውም በርሜል ገባ። ድርቆሹን ጣውላ ላይ አንሥተን ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅነው፤ ከኋላው ድመትም መጥረጊያም እንዲያልፍ። ቀዳዳዎቹን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በሲሚንቶ ደፈንናቸው። መለኪያችን የልጄ እርሳስ ነበር፤ እርሳሱ ከገባ ትንሿ አይጥም ትገባለች። ያኔ የአያቴ ጎተራ ትዝ አለኝ። በድንጋይ እግር ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ለጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ከሥሩ ድብብቆሽ እጫወትበት ነበር። አያቴ የኒውዮርኩን ጥናት አላነበቡም።

መኪናዋን ከመጋዘኑ ሠላሳ እርምጃ አርቄ አቆማታለሁ፣ ዝናብ ከሌለም ኮፈኗን ከፍቼ አሳድራታለሁ፤ ጨለማውና ሙቀቱ ሲቀርበት ተከራዩ ቤት ለቀቀ። ጎዶሎው አንድ ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ «ጋሼ፣ ዛሬም አልተነሣችም?» ይለኛል። ሻሾ ገበታዋን ትጨርሳለች። አንድም አይጥ የለም አልልም፤ እንዲያ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን በሆዴ እስቃለሁ።

በክረምት ግን ኮፈኑ መዘጋት አለበት። ሲዘጋ ደግሞ ባዶውን መኝታ ቤት የወረሰ አዲስ ተከራይ አለ። ከሥር ሾልኮ ገብቶ ሞተሩ ላይ ይጋደማል፤ ደረቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ጠዋት በሰፈራችን ስታልፉ አንድ ጎልማሳ ሰው የመኪናውን ኮፈን ሦስት ጊዜ በጥፊ መትቶ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሲጠብቅ ብታዩ፣ እባካችሁ አትሳቁ። ኮማንደርን እየቀሰቀስኩ ነው።